ስምንቱ የወይራ ችካሎች

ጡረታ የወጣሁ ቀን የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ጋቢ አለበሱኝ። ዳቦ ተቆረሰ፣ ተጨበጨበ፣ ኃላፊዋም ስለ እኔ አራት አምስት ጥሩ ቃል ተናገረች። ቤት ስደርስ ጋቢውን አጥፌ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ባለቤቴ «በዚህ ብርድ ለማን ልታስቀምጠው ነው?» አለችኝ። «ይቆይ» አልኳት። ለምን እንደሚቆይ ግን አልነገርኳትም። ያን ጊዜ ያልነገርኳትን ነው እንግዲህ እዚህ የምጽፈው።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። አጻጻፌ ቢንቀረፈፍ አንባቢ ይታገሠኝ፤ እኔም አልቸኩልም።

ሥራዬ ችካል መምታት ነበር። ይህን ስናገር የሚስቅብኝ ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን መናፈሻ መጀመሪያ የሚሠራው ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን መስመር ወደ መሬት የሚያወርድ ሰው ያስፈልጋል። መቀመጫው የት ይሁን፣ የኳስ ሜዳው ጥግ የት ይረፍ፣ የመብራቱ ምሰሶ የት ይቁም፣ ቀያሹ ለክቶ ይናገራል፣ አንድ ሰው ደግሞ እዚያው ላይ ችካል ይመታል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ጉለሌ ውስጥ ዛሬ ልጆች የሚራወጡባቸው፣ እንደ እኔ ያሉ ሽማግሌዎች ፀሐይ የሚሞቁባቸው ቦታዎች ብዙዎቹ መጀመሪያ የእኔ ችካሎች ነበሩ።

ሥራውን ያገኘሁት አዲሱ ገበያ ቆሜ ነው። የቀን ሥራ ፈላጊዎች በጠዋት የምንቆምበት ጥግ ነበረን። አንድ ቀን ኮፍያ ያደረጉ ቀጭን ሰው መጡና ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

«ምን ትችላለህ?» አሉኝ።

«መሸከም።»

«ሌላስ?»

ሌላ ምን እንደምችል አሰብኩ፣ ምንም አጣሁ። «ዝም ማለት» አልኩ።

ሳቁ። «እሱን የሚችል ሰው ስፈልግ ነው የኖርኩት። ና» አሉኝ። ጋሽ በቀለ ይባላሉ፣ የመሥሪያ ቤታችን ቀያሽ ነበሩ። ያን ዕለት ባለ ሦስት እግሩን መለኪያ ተሸክሜ ተከተልኳቸው፤ ብዙ ዓመት ስከተላቸው ኖርኩ። ደመወዙን አላነሣም፤ ኖረንበታል፣ ልጆችም አድገውበታል።

ጋሽ በቀለ አንድ ቦታ መናፈሻ ይሁን ሲባል ወዲያው አይለኩም። መጀመሪያ ይቀመጣሉ። ድንጋይ ፈልገው ይቀመጡና ቀኝ ኪሳቸውን በጠጠር ይሞላሉ። ሰው ባለፈ ቁጥር አንድ ጠጠር ወደ ግራ ኪሳቸው ያሻግራሉ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ቀትር ላይ፣ ከዚያ ደግሞ አመሻሹ ላይ። ማን በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ እናቶች ሸክማቸውን የትኛው ድንጋይ ላይ አውርደው እንደሚያርፉ፣ ጎረምሶች የት እንደሚጋፉ ያያሉ። ሦስት ቀን እንዲህ ከተቀመጡ በኋላ ነው «በል ወልዴ፣ ሲባጎውን አምጣ» የሚሉኝ።

አንዴ አንዲት ሴትዮ ሦስቱንም ቀን ተቀምጠው ቢያዩዋቸው ጊዜ «አባቴ፣ መንግሥት ለመቀመጥ ነው የሚከፍልዎት?» አሏቸው።

«አዎ እናቴ» አሉ ጋሽ በቀለ። «ስነሣ ብቻ ነው የምሳሳተው።»

መብራት ሲሆን ደግሞ ሌላ ዘዴ ነበራቸው። ምሰሶው ከመተከሉ በፊት ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና ጫፍ ላይ ፋኖስ እናስራለን። ፀሐይ ስትጠልቅ እኔ አጣናውን ቀጥ አድርጌ እቆማለሁ፣ እሳቸው ከታች ይዞራሉ። ጥላው የት እንደሚወድቅ ያያሉ፣ ደረጃው ይታይ እንደሆን ይረግጡታል፤ ከዚያ ከሩቅ ወደ እኔ እየመጡ «አሁን ፊትህ ታየኝ፤ አሁን ጠፋኝ» ይላሉ። የመጪውን ሰው ፊት የማያሳይ መብራት ለሴት ልጅ ከጨለማ የባሰ ነው፣ እሷ ትታያለች፣ እሱ አይታይም ይሉ ነበር። «ሁለት እርምጃ ወደ ግራ» ይሉኛል። አጣናውን ታቅፌ ሁለት እርምጃ እሄዳለሁ። ክንዴ ይዝላል። እንደገና «ግማሽ እርምጃ ወደ ቀኝ።» አሁን ያን ሁሉ ኮምፒውተር ይሠራዋል አሉ። ይሥራ።

አንድ ነገር ላይ ግን ጋሽ በቀለ ቀልድ አያውቁም ነበር። ቦታው ላይ ሌላ ሰው የመታው ችካል ካገኘን እንዳልነካው አጥብቀው ያስጠነቅቁኝ ነበር። «ይህን የተከለ ሰው እጅ አለው፣ ምክንያትም አለው። ባለቤቱን ሳትጠይቅ እንዳትነቅል» ይሉኛል። እኔም «እሺ» እላለሁ።

እሳቸው ጡረታ ወጡ። በእሳቸው ምትክ ቀያሽ ሳይመጣ ጥቂት ጊዜ ቆየ። አለቃችን አቶ ግርማ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ከላይ የሚቸኩልባቸው ሰው ነበረ፣ እሳቸው ደግሞ በእኛ ላይ ይቸኩላሉ። ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ባለው ሠፈር የስፖርት ሜዳ ከነመብራቱ ሊሠራ ታቀደ። ያን ጊዜ ሠፈሩ በየወሩ ቤት ይጨመርበት ነበር፤ ለልጆች የቀረ ሜዳ አልነበረም። ዳገቱ ላይ አንድ ብቻ ለጥ ያለ ቦታ ተገኘ፣ ቀጭን፣ ረዘም ያለ። አቶ ግርማ ንድፉን ሰጡኝና «ወልዴ፣ አንተ አሁን ግማሽ ቀያሽ ነህ። ለምረቃው መድረስ አለበት» አሉኝ። እውነቱን ልናገር፣ ግማሽ ቀያሽ መባሌ ደስ አለኝ።

ወሩ ነሐሴ ነበር። ዝናቡ ያወርደዋል፤ ተቀምጬ ጠጠር የምቆጥርበት ድንጋይም ጊዜም አልነበረኝም። ደግሞ ማን ያልፋል በዚያ ጭቃ? ቦታው ላይ ማንም የለም። መሐሉ ላይ ግን ስምንት ችካል አገኘሁ። ሁለት ሁለት ሆነው በረጅሙ ተሰልፈዋል፣ አጫጭር፣ አናታቸው የተወለወለ ይመስል ልስልስ ያለ።

በዚያ ዘመን መሬት ሊይዝ ያሰበ ሰው ባዶ ቦታ ካየ ችካል ተክሎ «የእኔ ነው» ይል ነበር። እንዲህ ያለውን ንቀሉ ተብሎም ታዝዘናል። እኔም ይኼ የእንደዚያ ዓይነት ሰው ሥራ ነው አልኩ። ደግሞ ላስብ ብል ኖሮ፣ መሬት የሚቀማ ሰው ጥጎቹ ላይ ነው የሚተክለው፣ መሐል ለመሐል ምን ያደርግለታል? የችካል አናትስ ያን ያህል በምን ይለሰልሳል? ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ፣ የችካል ሰው። የጋሽ በቀለ ቃልም ትዝ ብሎኛል። ግን የምጠይቀው ሰው አልነበረም፣ ዝናብ ነው፣ ምረቃ አለ። ነቀልኳቸው። ጥልቅ ገብተው ስለነበር በመዶሻ ግራና ቀኝ እየመታሁ ነው የነቀልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ብርዱ ሲጠናብን ሠራተኞቹ ሻይ ሊያፈሉ ደረቅ እንጨት አጡ። ችካሎቹን ሰጠኋቸው። ወይራ ስለነበሩ እሳቱ ቆየ፤ ሽታውም ደስ ይል ነበር። ዙሪያውን ቆመን እጃችንን ሞቅን።

ሜዳው ሲሚንቶ ተደረገ፣ አራት የመብራት ምሰሶ ቆመለት። መስቀል አለፈ፣ ፀሐይ ወጣች። የመጨረሻውን አጥር ስናስተካክል አንድ ጠዋት ሸማ ሠሪዎች መጡ፤ አንድ ጠና ያሉ ሰው፣ ልጃቸውና ሁለት ጎረቤት። ልጃቸው አበበች የደረሰች ሴት ናት፣ በቀርከሃ ቅርጫት ሙሉ ክር ይዛለች። ያኔ ነው የገባኝ።

የማያውቅ ሰው ካለ ላስረዳ። ጋቢ ከመሸመኑ በፊት ድሩ በሙሉ ርዝመቱ ውጭ ይዘረጋል። መሬት ላይ ችካል ይመታና ክሩን ይዘው ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሱ በችካሎቹ መሐል ያሳልፉታል። ድር ማድራት የሚሉት ይህ ነው። ለዚህ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ለጥ ያለ መሬት ይፈልጋል። በክረምት ጭቃና ዝናብ ስለሆነ ውጭ አይዘረጋም፤ ስለዚህ ነው ነሐሴ ላይ ሰው ያልነበረው። የችካሎቹንም አናት ያለሰለሰው ክሩ ነው፣ ስንት ዓመት የተመላለሰ ክር።

ሰውየው ሲሚንቶው ጫፍ ላይ ቆሙ። ጋሽ ጫሜ እንደሚባሉ በኋላ ነው ያወቅሁት። ሠራተኞቹን «እንደምን አደራችሁ» ካሉ በኋላ «እዚህ የነበሩትን ችካሎች ያየ ሰው አለ?» አሉ።

«የምን ችካል?» አለ አንዱ።

«ስምንት ናቸው። ወይራ። አባቴ ከአገር ይዟቸው የመጣ።»

ወደ እኔ ዞሩ፣ መዶሻ ስለያዝኩ ይሆናል። «ወንድሜ፣ እርስዎስ አላዩም?»

«አላየሁም» አልኩ።

ጋሽ ጫሜ ቁጢጥ ብለው ሲሚንቶውን በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ልክ የጨርቅ ጥራት እንደሚያይ ሰው። ልጃቸው «አባ፣ እንሂድ በቃ! ሲሚንቶ ላይ ልታደራ ነው?» አለቻቸው። ድምጿ ሊያለቅስ የደረሰ ነበር። እሳቸው ተነሡና ለእኔ አንገታቸውን ደፋ አድርገው፣ አዎ ለእኔ፣ ሰላምታ ሰጥተውኝ ሄዱ።

ሜዳው መጥፎ ሜዳ አልነበረም። ይህን መደበቅ አልችልም። ማታ ማታ መብራቱ ሲበራ የሠፈሩ ልጆች ይግተለተሉበት ነበር፣ ሴቶችም ከሥራ ሲመለሱ በብርሃን ማለፍ ቻሉ። አቶ ግርማ ተመሰገኑ። እኔም በዚያ በኩል ሳልፍ የልጆቹን ጩኸት እሰማና ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ወደ ታች ስወርድ ደግሞ ጋሽ ጫሜን አገኛቸዋለሁ። በቤቶቹ መሐል ባለችው ቀጭን መተላለፊያ ውስጥ በግድግዳው ጥግ ጥግ ነበር የሚያደሩት፤ ክሩ ማዕዘኗ ጋ ሲደርስ ይታጠፋል፣ ሰውና አህያ ባለፈ ቁጥር ከፍ ያደርጉታል። አንድ ቀን ጆንያ የተጫነ አህያ ገብቶበት አየሁ። አበበች የተበጠሰውን ክር አንድ በአንድ ስትቀጥል አህያውን የሚነዳውን ሰውዬ «አይዞህ፣ አንተ ምን አጠፋህ» ትለው ነበር። እኔ መንገድ ቀይሬ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በዚያ መንገድ አልሄድኩም።

ለጋሽ በቀለ ነገርኳቸው። ቤታቸው ሄጄ፣ አልጋ ላይ ሆነው፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰምተውኝ «ለሰውየው ነገርከው?» አሉ።

«አልነገርኩም።»

«እንግዲያ ሥራው አላለቀም» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ብዙም አልቆዩም፣ ነፍሳቸውን ይማር። ለመቃብራቸውም ችካል የመታሁት እኔ ነኝ።

ዓመታት ሄዱ። አቶ ግርማ ተዛወሩ፣ ሌላ አለቃ መጣ፣ እሱም ሄደ። ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ኢንጂነር ቤዛ መጣች፣ ከልጄ የምታንስ ልጅ። ከዚያው ሠፈር ራቅ ብሎ፣ አዲሶቹ ቤቶች በተሠሩበት በኩል፣ መናፈሻና መብራት ያለው መጫወቻ ሊሠራ ነው። ንድፉን በኮምፒውተር አሳየችኝ።

«ከላይ በድሮን ተነሥቷል ጋሽ ወልዴ። እያንዳንዷ ድንጋይ አለች።»

«በስንት ሰዓት ነው የተነሣው ልጄ?»

«እ... አምስት ሰዓት አካባቢ።»

«በአምስት ሰዓት እኮ ሰው ሥራ ላይ ነው።»

አየችኝ። «እና ምን እናድርግ?»

«እንቀመጥ።»

ሳቀች፣ ግን መጣች። ሦስት ቀን። ጠጠር ብሰጣት ስልኳ ላይ ልትቆጥር ፈለገች፤ ሁለተኛው ቀን ላይ ባትሪዋ አለቀና ጠጠሩን ተቀበለችኝ። በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ነው ያንን የስምንቱን ችካል ነገር ያወጣሁላት። ለምን ለእሷ? እንጃ። ጎን ለጎን ተቀምጦ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲታይ ለመናገር ይቀላል። በማግስቱ ንድፉን ይዛ መጣች። ከኳስ ሜዳው ጎን ሲሚንቶ ይደረግ የነበረው መሬት ለጥ ብሎ ተደልድሎ አፈር ሆኖ እንዲቀር አድርጋዋለች፣ ቀጥ ያለ፣ ስልሳ እርምጃ።

«ምን ብለሽ ጻፍሽው?» አልኳት።

«ሁለገብ ቦታ። ሁለገብ ካልኩት ማንም አይጠይቀኝም።»

መብራቱን በጋሽ በቀለ ዘዴ አየነው። እኔ አጣናውን ያዝኩ፣ እሷ ዞረች። የምሰሶው ጥላ በአፈሩ መስመር ላይ ያርፍ ስለነበር ሦስት እርምጃ ወደ ዳገቱ አራቅነው። «ክንድዎ አልዛለም?» ትለኛለች። «አንቺ እይ ዝም ብለሽ» እላታለሁ።

ሥራው ሲያልቅ የእኔም ጊዜ አለቀ። ቤዛ ኃላፊ ሆናለች፤ ያንን ጋቢ ያለበሰችኝ፣ ጥሩ ቃል የተናገረችውም እሷ ናት። ለስጦታው ሽሮ ሜዳ ድረስ ወርዳ ነው የገዛችው። ደግ ነገር አሰበች። እኔ ግን ጋቢውን ባየሁ ቁጥር ያ እሳት ይሸተኛል።

ከዚያ ወይራ ፈለግሁ። ዘመድ አገር ቤት ሲሄድ ላክሁና አመጣልኝ። በረንዳ ላይ ተቀምጬ ስምንት ችካል ጠረብኩ። ባለቤቴ «ጡረታ አልወጣህም እንዴ?» ትለኛለች። ጨርሼ በጆንያ ጠቅልዬ ወደ ሸማ ሠሪዎቹ ሠፈር ወረድኩ።

ጋሽ ጫሜ መተላለፊያዋ አፍ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አርጅተዋል፤ እኔም አርጅቻለሁ። ጆንያውን እግራቸው ሥር ፈታሁና ቆሜ ነገርኳቸው። ችካልዎን የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ ሲጠይቁኝም ዋሸሁ አልኳቸው።

ብዙ ጊዜ ጆንያውን አዩት። «የት ጣልካቸው?» አሉ። ያን ጊዜ «እርስዎ» ያሉኝ ሰው አሁን «አንተ» አሉኝ።

«አቃጠልናቸው። ሻይ አፈላንባቸው።»

«ጥሩ ነደደ?»

«ጥሩ ነደደ።»

«ወይራ ነዋ» አሉ። ከዚያ አንዱን ችካል አንሥተው አውራ ጣታቸውን አናቱ ላይ አሹ፣ ፊታቸውን ኮሶ አስመስለው። «ይኼ ችካል ነው? ይኼ ክሬን ይበጥሰዋል። ውሰድና አለስልሰህ ና።»

ይህ ይቅርታ ይሁን አይሁን አላወቅሁም። ወሰድኩ። ስምንቱንም በጠርሙስ ስባሪ ፋቅኋቸው፣ ዘይት ቀባኋቸው። በሳምንቱ ይዤ ሄድኩ። ሁለቱን ተቀበሉ፣ ስድስቱን መለሱ። እንደገና ሄድኩ። አበበች ከውስጥ ሆና «አባ፣ ሰውየውን ገደልከው እኮ!» ትላለች። «ዝም በይ፣ ጡረተኛ ነው፣ ምን ሥራ አለው» ይሏታል። በሦስተኛው ጉዞዬ ስምንቱንም አንድ በአንድ ጉንጫቸው ላይ አሹና ወደ ቤት አስገቡ። ያን ጊዜ ነው ስለ አፈሩ መስመር የነገርኳቸው። «ቀጥ ያለ ነው?» አሉ። «ስልሳ እርምጃ» አልኳቸው። «በማን እግር?» አሉ። «በእኔ።» «እናያለን።»

ሳያዩት ሁለት ሳምንት አለፈ። አይመጡም ብዬ ነበር። ጥቅምት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አበበች ደጄ ላይ መጥታ «መዶሻህን ይዘህ ና ብሎሃል» አለችኝ። ብርድ ነበር። ሳጥኑን ከፍቼ ጋቢውን አወጣሁ። ባለቤቴ አየችኝና ጫፉን ትከሻዬ ላይ አስተካከለችልኝ።

ጋሽ ጫሜ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር በራሳቸው እርምጃ ለክተው ጨርሰዋል። «ስልሳ ሁለት ነው» አሉኝ። የጋቢዬን ጫፍ ያዝ አድርገው አዩና «ማጉ ሳስቷል፤ ማን ሸጠልህ?» ብለው ለቀቁት። ከዚያ የመጀመሪያውን ችካል ቦታው ላይ አቆሙና «በል ምታ» አሉኝ።

መታሁ። ነቅነቅ አድርገው አዩት። «ድገም።» ደገምኩ። ስምንቱንም እንዲህ መታን፣ እሳቸው እያቆሙ፣ እኔ እየመታሁ። አበበችና ጎረቤቶቿ ክሩን ይዘው መመላለስ ጀመሩ። ኳስ ሲመጣባቸው አንዷ በእግሯ ትመልሰዋለች። ድሩ ግማሽ ላይ ሳለ ፀሐይ ጠለቀች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁሉንም ሰብስበው ይገቡ ነበር። ሴቶቹ ቆሙ።

መብራቱ በራ።

ክሩ ላይ ጥላ አልወደቀም፤ እያንዳንዱ ፈትል ነጭ ሆኖ ተቆጥሮ ይታያል። ጋሽ ጫሜ ክሩን አዩ፣ ከዚያ ቀና ብለው ምሰሶውን አዩ፣ ከምሰሶው እስከ ድሩ ያለውን ርቀት በዓይናቸው ለኩ። ግንባራቸው ተቋጥሯል። ሊያመሰግኑ ይሁን ሊወቅሱ ከፊታቸው ማወቅ አልቻልኩም።

«ይህንን እዚህ ጋ የተከለው ማን ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።